ለረሃብተኛ የተሰጠ እህል ለጨረታ ሲቀርብ

በዕርዳታ የተገኘ እህል ዋጋ የለውም የሚለው አባባል መጋዘን ለሚከራይና ለጭነት መኪና ነዳጅ ለሚቀዳ ሰው አይዋጥለትም። ዕርዳታውን የሚለግሰው ሰው ሂሳብ ባይጠይቅም የሚያነሳው፣ የሚያጓጉዘውና የሚያከማቸው ወጪ አለበት። እህሉ ለማይፈልገው ሲደርስ ደግሞ ሌላው ቦታ ላይ ያለው ረሃብተኛ ጦሙን ያድራል። ይህን ሂሳብ በቅጡ የተማሩት የአሜሪካ የምግብ ባንኮች ሲሆኑ የተማሩትም ከነጋዴ መንደር ነው።

የምግብ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1967 በአሪዞና ግዛት ፊኒክስ ከተማ ጆን ቫን ሄንግል በተባሉ ጡረታ የወጡ ነጋዴ የተጀመረ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ፋብሪካ ከገበያው በላይ ያመረተውን፣ ሱፐርማርኬት መደርደሪያው የሞላበትን ከመጣል ይልቅ እንደ ባንክ ያስቀምጣል፤ የተቸገረው ወጪ ያደርጋል። ከጊዜ በኋላ በየአካባቢው የተቋቋሙት ባንኮች በአንድ አገር አቀፍ ድርጅት ሥር ተሰባሰቡ። ይህ ድርጅት ከ2008 ወዲህ ፊዲንግ አሜሪካ እየተባለ ይጠራል፤ ወደ 200 የሚጠጉ የአካባቢ ባንኮችም በሥሩ አሉ።

ችግሩ የነበረው ክፍፍሉ ላይ ነው። እስከ 2005 ድረስ ማዕከላዊው ድርጅት ከትልልቅ ኩባንያዎች የሚያገኘውን፣ በዓመት ከ200 ሚሊዮን ፓውንድ (ከ900 ሺህ ኩንታል) በላይ የሆነ ምግብ የሚያድለው በወረፋ ነበር። ተራው የደረሰው ባንክ ስልክ ይደወልለታል፤ አንድ ተሳቢ ሙሉ ምግብ ተገኝቷልና ትወስዳለህ ወይስ አትወስድም ተብሎ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይመልሳል። ወረፋው የሚሰላው በድሃው ሕዝብ ቁጥርና በምግቡ ክብደት ነው። በዚህ ስሌት አንድ ኩንታል ፓስታና አንድ ኩንታል ጎመን እኩል ናቸው! የማዕከሉ ሠራተኞች ቅን ሰዎች ቢሆኑም የእያንዳንዱ ባንክ መጋዘን ውስጥ ምን እንዳለ አያዩም። በመሆኑም ድንች በማምረት ለታወቀችው ለአይዳሆ ግዛት ድንች ሊደርሳት ይችላል። የማጓጓዣውን ሂሳብ የሚከፍለው ደግሞ ተቀባዩ ባንክ ነው።

ድርጅቱ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤት ምሁራንን ለምክር ጋበዘ። ካኒስ ፕሬንደርጋስት የተባሉትን የኢኮኖሚክስ ባለሙያ ጨምሮ አራት መምህራን ከምግብ ባንክ ኃላፊዎች ጋር አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ምሁራኑ ገበያ ይቋቋም አሉ። በወቅቱ የምዕራብ ሚሺጋንን የምግብ ባንክ ይመሩ የነበሩት ጆን አርኖልድ ግን ሶሻሊስት መሆናቸውን፣ የምግብ ባንክ የሚመሩትም በዚሁ ምክንያት እንደሆነና በገበያ እንደማያምኑ በግልጽ ተናገሩ። ሶሻሊዝም ሲባል የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ ትዝ የሚለው የአገራችን እህል ነጋዴ ይህን ሲሰማ ፈገግ ይል ይሆናል። የሰውየው ሥጋት ግን የዋዛ አልነበረም። ጨረታ የሚያሸንፈው ገንዘብ ያለው ነው፤ ገንዘብ ያለው ደግሞ በሀብታም ከተማ የሚገኘው ባንክ ነው።

መልሱ የተገኘው ገንዘቡን በመለወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው ጨረታ የሚካሄደው በዶላር ሳይሆን «ሼር» በተባለ መገበያያ ነው። ስሙ ከአክሲዮን ጋር ቢመሳሰልም ትርፍ አይከፈልበትም፣ ከምግብ ባንኮቹ ጨረታ ውጪም ምንም አይገዛም። ብዙ ችግረኛ ያለበት ባንክ ብዙ ሼር ይታደለዋል። በሥራ ቀናት በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንዱ የሌላውን ዋጋ ሳያይ፣ በታሸገ ኤንቨሎፕ እንደሚደረገው ያለ ጨረታ በኮምፒዩተር ይካሄዳል። በዕለቱ የተከፈለው ሼር በሙሉ ሌሊቱን በችግረኛው ብዛት ተሰልቶ ለባንኮቹ መልሶ ይከፋፈላል። አቅሙ አነስተኛ የሆነ ባንክ በብድር መጫረት ወይም ከጎረቤቱ ጋር አንድ ተሳቢ ተካፍሎ መግዛት ይችላል። የተረፈውን ለሌላው ባንክ ሸጦ ሼር መሰብሰብም ይፈቀድለታል።

ማንም የማይፈልገው ጭነት ሲመጣ ደግሞ ዋጋው ከዜሮ በታች ይወርዳል። ማለትም ጭነቱን የሚያነሳው ባንክ ሼር ይጨመርለታል! ድርጅቱ ይህን የሚያደርገው ለጋሹ ኩባንያ ደንበኝነቱን እንዳያቋርጥ ነው፤ ዛሬ አልፈልግም የተባለ ፋብሪካ ነገ አይደውልምና።

ዋጋው ያወጣው ምሥጢር ከሁሉም ይበልጣል። ለቁርስ የሚሆን ደረቅ እህል፣ ፓስታና ሩዝ በብዙ እጥፍ ተወደዱ፤ ትኩስ አትክልት ረከሰ። ሱፐርማርኬት ውስጥ ያለው የዋጋ ልዩነት ከዚህ ጋር አይገናኝም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አትክልት በየአካባቢው ይትረፈረፋል፣ ፈጥኖም ይበላሻል፣ ደረቅ ምግብ ግን ይቆያል። ይህን በወረፋው ዘመን ማንም በቁጥር ሊያውቀው አይችልም ነበር። አንዳንዱ ባንክ ሼሩን አጠራቅሞ ጥቂት ውድ ጭነት ይገዛል፣ ሌላው በርካሹ ላይ ተረባርቦ ብዙ ኩንታል ያነሳል። ሁለቱም በመጋዘናቸው ልክ ነው የሚሠሩት።

ይህ ሲባል ጨረታው ረሃብን አጠፋ ማለት አይደለም። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት እንዳስታወቀው በ2023 ከአገሪቱ ቤተሰቦች 13.5 በመቶው፣ ማለትም 18 ሚሊዮን ያህሉ፣ በቂ ምግብ የማግኘት ዋስትና አልነበራቸውም። ደመወዝን የሚያሳድግ፣ የቤት ኪራይን የሚያወርድ የምግብ ባንክ የለም። የሚችለው የተሰጠው ምግብ እንዳይባክን ማድረግ ነው።

የአዲስ አበባም ነጋዴ ለዚህ ጉዳይ ባዕድ አይደለም። ኮቪድ በገባበት በ2012 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር የምግብ ባንኮች አቋቁሞ ዱቄት፣ ዘይትና ሌላም ከነጋዴውና ከነዋሪው ሰብስቧል፤ ኋላም የምገባ ማዕከላት ተከፍተዋል። በበዓል ሰሞን ማዕድ ማጋራቱም የተለመደ ነው። ከዚያም በፊት የመጠባበቂያ እህል ክምችቱ፣ የረድኤት ድርጅቶች ቃል የተገባላቸው ዕርዳታ እስኪገባ ድረስ እህል ያበድራቸው፣ በእህል ይመልሱለት ነበር። በጨረታ መገበያየትንም ቢሆን ቡናና ሰሊጥ አቅራቢው ከምርት ገበያው ተምሮታል።

ስለዚህ ነጋዴው የምግብ ባንክን ልደግፍ ሲል ለካሜራ የሚሆን ጆንያ ከመደርደሩ በፊት ሁለት ነገር ቢጠይቅ ተገቢ ነው። አንደኛው፣ መጋዘኑ ውስጥ ምን ተርፎ ምን እንደጎደለ በየሳምንቱ የሚገለጽ ዝርዝር ነው። ዘይት የሞላው ማዕከል ዘይት ከሚጨመርለት ምስር ወይም የጭነት መኪና ለአንድ ቀን ቢያገኝ ይመርጥ ይሆናል፤ ካልተጠየቀ ግን ማን ያውቅለታል? ሁለተኛው ጥያቄ ከበድ ይላል። አሜሪካኖቹ ሼር የሚያድሉት በየአካባቢው በታወቀ የድሃ ቁጥር ላይ ተመሥርተው ነው። እዚህ የችግረኛው ቁጥር ያለው በወረዳው መዝገብ ላይ ነው። ያ መዝገብ መታወቂያ የሌለውን የቀን ሠራተኛና ከገጠር ተፈናቅሎ የመጣውን ቤተሰብ ካልቆጠረ፣ ጨረታው የቱንም ያህል ቢያምር የእነሱን ድርሻ ይዞ የሚጫረትላቸው አይኖርም።