ስድስተኛው ክር ትርፍ ነውን?

«ለቤዝ ጊታር አራት ክር ይበቃዋል» የሚል አስተያየት በሙዚቀኞች ዘንድ ዘወትር ይሰማል። አምስተኛ ክር ሲጨመር «ለምን?» ይባላል፤ ስድስተኛው ሲጨመር ደግሞ «ለታይታ ነው» ተብሎ ይደመደማል። እኛ በዚህ ፍርድ አንስማማም። የክር ብዛት የሙያ መለኪያ አለመሆኑን እናምናለን፤ ዳሩ ግን አራት ቁጥርም የተፈጥሮ ሕግ አይደለም።

አራት ቁጥር ከየት መጣ? ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ለገበያ ያቀረበው «ፕሪሲዥን ቤዝ» አራት ክሮች የነበሩት፣ ቆመው ከሚጫወቱት ከትልቁ ኮንትራባስ ቅኝቱን ስለወረሰ ነው። ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ የሚባሉት ድምፆች እንዳሉ ተወሰዱ። አሜሪካዊው የቤዝ ተጫዋች አንቶኒ ጃክሰን ግን ይህን ውርስ ጠየቀ። ቤዝ ጊታር የጊታር ቤተሰብ አባል ከሆነ እንደ ጊታር ስድስት ክር ሊኖረው ይገባል ሲል ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ1975 ካርል ቶምሰን የተባለ የጊታር ሠሪ ከታች ቢ፣ ከላይ ሲ የተጨመረበትን መሣሪያ ሠራለት። ጃክሰንም «ኮንትራባስ ጊታር» ብሎ ጠራው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ዝቅ ያለ ድምፅ ከተፈለገ የኢን ክር ማላላት አይበቃምን? መልሱን የምናገኘው ከፊዚክስ ነው። የኢ ክር በሰከንድ 41.2 ጊዜ ይርገበገባል፤ ቢ ደግሞ 30.9 ጊዜ። ይህ ሰማንያ ስምንት ቁልፎች ባሉት ፒያኖ ላይ ከታች ሦስተኛው ቁልፍ የሚሰጠው ድምፅ ነው። የአንድ ክር ውጥረት ከድግግሞሹ ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን፣ ያንኑ የኢ ክር ወደ ቢ ብናላላው ውጥረቱ ወደ 56 በመቶ ይወርዳል። የላላ ክር ደግሞ ከፍሬቱ ጋር ይጋጫል፤ ድምፁም አይረጋም። ውጥረቱን ሳንቀንስ እዚያው ድምፅ ላይ ለመድረስ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ርዝመቱን ከተለመደው 86 ሳንቲ ሜትር ወደ 115 ማሳደግ ነው፤ ይህ ግን ለተጫዋች ክንድ አይመችም። ሁለተኛው የክሩን ክብደት በየሳንቲ ሜትሩ 78 በመቶ ያህል መጨመር ነው። ክሩ እንዲሁ ቢወፍር ደግሞ እንደ ብረት ዘንግ ይገትራል፤ ድምፁም ይደፈርሳል። ሠሪዎች ስለዚህ በቀጭን የብረት እምብርት ላይ ሌላ ሽቦ እየጠመጠሙ ክብደት ይጨምራሉ፤ አንዳንዶችም ርዝመቱን ወደ 89 ወይም 91 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያደርጋሉ። የምንሰማው ጥልቅ ድምፅ እንግዲህ የዚህ ሁሉ ድርድር ውጤት ነው።

ጆሯችንም የራሱ ድርሻ አለው። በ31 ኸርዝ አካባቢ መስማታችን ደካማ ነው፤ ትንንሽ ድምፅ ማጉያዎችም ይህን ድምፅ አያወጡትም። ሆኖም ከመነሻው ድምፅ ጋር ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እጥፍ ድግግሞሽ ያላቸው ሃርሞኒኮች አብረው ይወጣሉ። አእምሯችን 62ን፣ 93ን እና 124ን ሰምቶ የጎደለውን 31 ራሱ ይሞላዋል። ይህ ምሥጢር ለአገራችን አዲስ አይደለም። በበገና ብርኩማና ክር መካከል የምትገባው እንዝራ ክሩን እያንዘረዘረች ሃርሞኒኮቹን ታበዛለች። የበገና ጥልቀት ከሳጥኑ መጠን በላይ የሚሰማውም ከዚህ የተነሣ ነው።

አጨዋወቱስ? ብዙ ክር ያለው ቤዝ አንገቱ ሰፊ ስለሆነ የግራ እጅ አያያዝ መለወጥ አለበት። ከዚህ የሚብሰው ችግር ግን ያልተነኩ ክሮች መጮኻቸው ነው። የኢ ሦስተኛ ሃርሞኒክ 123.6 ኸርዝ ነው፤ የቢ አራተኛ ሃርሞኒክ ደግሞ 123.5። ስለዚህ ኢ ሲመታ ቢ ሳይነካ ያስተጋባል። ጥሩ ተጫዋች የቀኝ እጁን አውራ ጣት በማይጫወትባቸው ወፍራም ክሮች ላይ እያሳረፈ ዝም ያሰኛቸዋል። በዚህ መሣሪያ ላይ ማስጮህ ግማሽ ሙያ ነው፤ ሌላው ግማሽ ዝም ማሰኘት ነው። ይህን ለሚችል ግን ሽልማቱ ብዙ ነው። ከታች በአራት ክር የማይደረስባቸው አምስት ድምፆች ይጨመሩለታል፤ ከላይ ደግሞ እጁን እምብዛም ሳያንቀሳቅስ ዜማውንና ኅብረ ድምፁን በአንድነት ለመጫወት ያመቸዋል።

ተቃዋሚዎች እውነት የላቸውም አንልም። ጄምስ ጄመርሰን የሞታውንን ዘፈኖች መሠረት የጣለው በአራት ክር ነው። ማጥፋት ያልተማረ ተጫዋች በስድስት ክር የሚያተርፈው ጉርምርምታ ብቻ ነው፤ ማጉያው የማያወጣውን ድምፅ መግዛትም ገንዘብ ማባከን ነው። ነገር ግን እነዚህ የአጠቃቀም ጉድለቶች እንጂ የመሣሪያው ኃጢአት አይደሉም። በገና አሥር ክሮች አሉት፤ ደርዳሪው ሁሉንም አይመታም። ይሁንና «ለታይታ ነው» ያለው ሰው አልሰማንም።

በእኛ እምነት ክር ለመጨመር የሚያስብ ወጣት ሊጠየቅ የሚገባው «ስንት?» ተብሎ አይደለም። «ክሩ ውጥረቱን ይጠብቃልን? እጅህ ዝም ሊያሰኘው ይችላልን? ማጉያህ ያሰማዋልን? ሙዚቃውስ ይፈልገዋልን?» ሊባል ይገባዋል። ለአራቱም «አዎ» ብሎ የመለሰውን ወጣት በልማድ ስም ማሸማቀቅ ግን ተገቢ አይደለም። ጃክሰን «ለምን አራት ብቻ?» ብሎ ባይጠይቅ ኖሮ ቶምሰን ያን መሣሪያ ባልሠራው ነበር። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ በቤተ ሙከራም ሆነ በመድረክ ላይ ሊበረታታ እንጂ ሊሳቅበት አይገባም።