ለቅሬው የፈጠነ፣ ለሚስቱ የዘገየ

የዛሬዋ ደብዳቤ የመጣችው ከሰሜን ወሎ፣ ከመርሳ ነው። ጸሐፊዋ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ስሜን እንዳትጠቅስ ብላኛለች፤ እኔስ ጠቅሼ በየት በኩል መርሳ ልገባ ነው?

«ባለቤቴ በግል ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ ጨዋ ሰው ነው» ትላለች። «አይሰክርም፣ አይማግጥም። ግን ቤት የለም። የቅሬ ጠሪ ድምፅ ከሰማ ጋቢውን ለብሶ ይወጣል። ቅዳሜና እሁድ ሠርግ ነው፤ የመርሳው ሲያልቅ ወልድያ ሌላ ይጠብቀዋል። ከዚያ ሰደቃ አለ፣ ማኅበር አለ፣ የታመመ መጠየቅ አለ። ባለፈው ለምርመራ አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረን ለቀብር ገጠር ወረደ። ብቻዬን ሄድኩ። ማታ ባኮርፈው ‹ሰው የሞተበትን ትቼ አንቺን ታቅፌ ልቀመጥ?› አለኝ። እኔ ለሰው የማላስብ ራስ ወዳድ ሆኜ ነው እንዴ?»

የለም እህቴ፣ ራስ ወዳድ አይደለሽም። ባልሽንም ግን ቸኩዬ አልኮንነውም። አዲስ አበባ እድር የምንለውን እናንተ ቅሬ ትሉታላችሁ። እስላም ክርስቲያኑ አብሮ ይቀብራል፣ አብሮ ያስተዛዝናል። የቀረ ይቀጣል፤ ከቅጣቱ የሚከፋው ግን ሐሜቱ ነው። «ለሰው የማይደርስ» የተባለ ሰው የራሱ ቀን ሲመጣ ማን ይደርስለታል? ባልሽ ለአንቺም ጭምር ሰው እያጠራቀመ ይመስለዋል።

ይህን የምለው ዳር ቆሜ አይደለም። እኔም የዚሁ በሽታ ታማሚ ነበርኩ። ባለቤቴ ስምንተኛ ወሯ ላይ ሳለች ለጓደኛዬ ሚዜ ሆንኩ። ዓርብ ማታ «ራሴን አሞኛል፣ ዓይኔም ብዥ ይልብኛል» አለችኝ። «ድካም ነው፣ ተኚበት» አልኳት። ቅዳሜ ከረባቴን አስሬ ወጣሁ። ሙሽራ ስናጅብ፣ ስንጨፍር፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲጮህ አልሰማሁም። ማታ ስመለስ ቤቱ ጨለማ ነው። ለካ ጎረቤታችን በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወስደዋት፣ የደም ግፊቷ በጣም ከፍ ብሎ ወደ ሆስፒታል ተልካለች! ፈጣሪ ይመስገን እናትም ልጅም ተረፉ። ሐኪሙ ግን «ከመቼ ጀምሮ ነው ራሷን ያመማት?» ሲለኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዓርብ ማታ ነግራኝ ነበራ!

እናም አንተ የመርሳው ወንድሜ፣ ሚስትህ ይህችን ጋዜጣ ብታቀብልህ አትቆጣ። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ ደም መፍሰስ፣ የእንሽርት ውሃ ያለ ጊዜው መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ፤ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ሠርግም ለቅሶም የለም፣ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ ክትትል እንድታደርግ ይመክራል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክትትሉም ወሊዱም በነፃ ነው። ስለዚህ ሚስትህ የጎደላት ገንዘብ ሳይሆን አንተ ነህ።

ሕጉንም ልንገርህ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናቲቱ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነው። የቅርብ ዘመድ ለሞተበትም እንዲሁ 3 ቀን ነው። ሕጉ እንኳ ለልደትና ለሞት እኩል ቆጥሮ ሰጠ፤ አንተ ለምን ሁሉንም ለሞት ታደርጋለህ?

አሁን ወደ መላው እንምጣ። ሁለታችሁም ቁጭ በሉና ቀን መቁጠሪያ ላይ የምርመራ ቀኖቹን አክብቡ። እነዚያ ቀኖች የሚስትህ ናቸው። በመጨረሻው ወር ከመርሳ አትውጣ፤ ወልድያም ቢሆን። ቀብር ሂድ፣ ቀብረህ ተመለስ፤ ድንኳን ውስጥ ማምሸቱ ይቅርብህ። ለሠርግ ስጦታህን በወንድምህ ላክ፤ መልስና ቅልቅሉ ያለ አንተም ይደምቃል። ከሁሉም በፊት ግን የቅሬውን ዳኛ «ሚስቴ ወሯ ገብቷል» በላቸው። እሳቸውም ወልደዋል፤ ሰው ሳያስረዳ ሲቀር ነው የሚታማው። የትራንስፖርት ብር ለብቻ አስቀምጥ፣ የአንድ ባጃጅ ሹፌር ስልክም ያዝ።

አንቺም እህቴ፣ ማኩረፉን ተይው። «ቅሬው ወይስ እኔ?» አትበይው፤ ወንድ እንዲህ ሲባል እልህ ይይዘዋል። «ሐሙስ ሦስት ሰዓት ጤና ጣቢያ እፈልግሃለሁ» በይው። ቀንና ሰዓት ያለው ነገር ለመከራከር አይመችም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልናገር። የእኔን ሚስት ያተረፋት እኔ ስሮጥለት የኖርኩት ያው ጉርብትና ነው። ጎረቤት ባይኖር ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ግን እኚያ እናት እጇን ይዘው ባጃጅ ውስጥ የተቀመጡበት ቦታ የእኔ ቦታ ነበር። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ያሰንብተን! ለእህታችንም በሰላም ይገላግላት።