ገንዘባችን ሲጠፋ የማን ፎቶግራፍ ይለጠፍ?

ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና፣ ከ18 ማዞሪያ እስከ አስኮ ኮልፌ ቀራንዮን ቢያካልሏት፣ በሩ ላይ የስልክና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ያልለጠፈ ሱቅ ማግኘት ቸግሯል። «ጥሬ ብር አልያዝኩም፣ ልላክልሽ?» የዘመኑ የገበያ ሰላምታ ሆኗል። ሱቅ ተከራይታ መነገድ ያልቻለች ወጣት ደግሞ ቤቴል ወይም ወይራ ሰፈር ቤቷ ውስጥ ጫማና ቀሚስ ደርድራ፣ ፎቶ አንስታ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ትሸጣለች። ስልኳ ሱቋም ካዝናዋም ነው።

ነገሩ በራሱ ደግ ነው፤ ክፉ ነው የሚል የለም። ኪስ አውላቂ አይፈራበትም፣ የመልስ ጭቅጭቅ የለበትም፣ የባንክ ሰልፍ ይቀንሳል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ መመዝገቡን ነግሮናል። ሳፋሪኮምም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኤምፔሳን ይዞ መጥቷል፤ ባንኮቹም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የስልክ መክፈያ አውጥተዋል። እሰየው!

ጥያቄያችን ሌላ ነው። ገንዘቡ መንገድ ላይ የቀረ ዕለት ተጠያቂው ማነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ገዢው ቦሌ ተቀምጦ ለኮልፌዋ ነጋዴ 2000 ብር ይልካል። ቀሚሱን የያዘው ባለሞተር በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ገዢው «ከሒሳቤ ተቀንሷል» ይላል። ነጋዴዋ «እኔ ጋ አልገባም» ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው! ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው የሚላክ ገንዘብ በሦስት እጅ ያልፋልና። ከላኪው ባንክ ይወጣል፣ ባንኮቹ በጋራ ባቋቋሙት በኢትስዊች በኩል ይሻገራል፣ ከዚያ ተቀባዩ ባንክ ወይም የስልክ ሒሳብ ይገባል። የመጀመሪያው እጅ ቀንሶ ሦስተኛው ካልተቀበለ፣ ገንዘቡ የማንም ያልሆነ መሬት ላይ ይቀራል። ላኪው ባንክ «እኛ ልከናል» ይላል። ተቀባዩ «እኛ ጋ አልደረሰም» ይላል። መሀል ላይ ያለውን ደግሞ ባለሱቋ አታውቀው፣ ቢሮው የት እንደሆነ አታውቅ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይቺ ናት!

ለትልቅ አስመጪ 2000 ብር ምንም አይደለም። በትንሽ ካፒታል ጠዋት ገዝታ ማታ ለምትሸጥ ሴት ግን የነገው ዕቃ መግዣ ነው። አንድ ሳምንት ከታሰረባት ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ፈታች ማለት ነው። ቅሬታ ላስገባ ብትል ስልኩ አይነሳም፤ ቅርንጫፍ ብትሄድ «ይጠብቁ፣ ሲስተም ነው» ትባላለች። ለመሆኑ ይሄ «ሲስተም» የሚሉት ሰውዬ ማነው? የት ነው የሚኖረው? ሁሉ ጥፋት በሱ ይመካኛል፣ አንድ ቀን ግን ተከሶ አያውቅም!

ሌባውም ይሄን ክፍተት አይቷል። የባንክ መልእክት አስመስሎ አጭር ጽሑፍ የሚልክ፣ የከፈለበትን ደረሰኝ በፎቶ ቀጣጥሎ «ይኸው ልኬያለሁ» የሚል አጭበርባሪ ሞልቷል። ነጋዴዋ ዕቃውን ብትከለክል እውነተኛ ደንበኛ ታስቀይማለች፤ ብትሰጥ ትዘረፋለች። መጨረሻ ላይ ሁሉም ተያይዞ የሚጮኸው በምስኪኑ ባለሞተር ላይ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

ገንዘቡ የጠፋባቸው እነሱ ሲሆኑስ ምን እንደሚደረግ አይተናል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለመጋቢት 7 አጥቢያ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰው ከሒሳቡ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻለ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ያለአግባብ የተወሰደው ወደ 800 ሚሊዮን ብር እንደሆነ ተነገረ። ባንኩ ምን አደረገ? አሳደደ። በፖሊስ አስፈራራ። ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ለሕዝብ አወጣ፣ በቅርንጫፎቹ ለጠፈ። አብዛኛውንም ገንዘብ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አስመለሰ።

የሰው ገንዘብ መውሰድ ነውር ነው፤ ለዚያ አንከራከርም። ግን ፍርድ እንጠይቅ። ባንክ በራሱ ሲስተም ስህተት የወጣበትን ብር ከመቶ ሺሕ ሰው መሀል ለቅሞ፣ በስም፣ በሰዓትና በሳንቲም ለይቶ ማስመለስ ከቻለ፣ የኮልፌዋ ነጋዴ 2000 ብር የት እንደገባ ማወቅ እንዴት አቃተው? መሣሪያው አለ ማለት ነው። መዝገቡም አለ። የሌለው ግዴታው ነው። እኛ ስንወስድ ሌባ፣ እነሱ ጋ ሲቀር «ሲስተም»!

ይሄ ነገር በፈቃደኝነት ብቻ ቢሆን ኖሮ «ካልተመቸሽ አትጠቀሚ» ማለት ይቻል ነበር። አሁን ግን አይቻልም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በስልክ ካልሆነ አይቀዳም ተባለ፤ ብዙም ሳይቆይ በመላ አገሪቱ ተደረገ። ባለሞተሩ ቤንዚን ለመቅዳት፣ ባለታክሲው ለመሥራት ብሩን መጀመሪያ ስልኩ ውስጥ ማስገባት አለበት። ሽቦው የመንግሥት፣ ትልቁ የስልክ ካዝና የመንግሥት፣ ትልቁ ባንክ የመንግሥት፣ ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክም የመንግሥት። ባለሱቁም እሱ፣ ዳኛውም እሱ፣ የገበያ ዘበኛውም እሱ! ታዲያ አቤት የሚባለው ለማን ነው?

በዚህ ላይ ሽቦው የሚቆረጥበት ቀን አለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር። ትግራይ በጦርነቱ ዓመታት ስልክም ባንክም አልነበራትም። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ኖሯል። «ኢንተርኔት ባይኖርም በ*127# መላክ ይቻላል» የሚል አይጠፋም። እሺ ይሁን። ቀሚሱን የምታሳይበት ቴሌግራም ከተዘጋባት፣ ምን ተገዝቶ ነው ብር የሚላከው? አንድ ሱቅ ሲታሸግ ወረቀት ይለጠፋል፣ ምክንያት ይጻፋል፣ ማኅተም ይመታል። የመቶ ሺሕ ሰው ሱቅ በአንድ ሌሊት ሲታሸግ ግን ማን እንዳሸገው እንኳ አይነገርም። ለከሰረው ገቢም የሚጠየቅ የለም። ግብሩ ግን ይጠየቃል!

ሌላው ዓለም ይሄን ጉዳይ እንዴት ፈታው? ሩቅ አውሮፓ አንሂድ፤ ሕንድን እንይ። ሕንዶች በ2016 እ.ኤ.አ. ዩፒአይ የሚሉትን አሠራር ጀመሩ። የጎዳና ሻይ ሻጭ አንድ ምልክት ለጥፎ ከየትኛውም ባንክ ይቀበላል። ዋናው ቁም ነገር ግን ቴክኖሎጂው አይደለም። የሕንድ ማዕከላዊ ባንክ በመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. አንድ ትእዛዝ አወጣ። ከሰው ወደ ሰው የተላከ ገንዘብ ከላኪው ተቀንሶ ለተቀባዩ ካልገባ፣ ቢዘገይ በማግሥቱ በራሱ ይመለስ፤ ከዚያ ካለፈ ለእያንዳንዱ ቀን 100 ሩፒ ካሳ ይከፈል አለ። ደንበኛው ማመልከቻ እስኪጽፍ አይጠበቅም። እዚያ «ሲስተም ነው» ማለት በቀን ያስከፍላል። ስለዚህ ሲስተሙ ቶሎ ይድናል!

እኛስ አገር ሕግ ጠፍቶ ነው? አይደለም። የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718 ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል። ብሔራዊ ባንክም የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ በ2020 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። ወረቀት በሽ ነው። ወረቀቱ ግን ከመሥሪያ ቤት ቁም ሣጥን ወርዶ ኮልፌ ሉካንዳ አልደረሰም። ነጋዴዋ መብት እንዳላት የነገራት የለም። መብት ደግሞ ካልታወቀ ከሌለ አይለይም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ተቀንሶ ያልደረሰ ገንዘብ ማንም ሳይለምን በማግሥቱ ይመለስ፤ ካልተመለሰ በቀን የሚቆጠር ካሳ ይከፈል። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ የትኛውም እጅ ላይ ቢቀር ደንበኛው የሚጠይቀው የላከበትን ባንክ ብቻ ይሁን፤ እነሱ እርስ በርሳቸው ይካሰሱ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ባንክና የስልክ ካዝና በየወሩ ስንት ሰዓት እንደተቋረጠ፣ ስንት ክፍያ እንደከሸፈበት በይፋ ያውጣ፤ ሕዝቡ አይቶ ይምረጥ። አራተኛ፣ ቅሬታ የሚሰማው ከመንግሥት ባለሥልጣን ጣልቃ ገብነት ነጻ የሆነ አካል ይሁን። አምስተኛ፣ ኢንተርኔት የሚዘጋ ሰው ስሙን ጽፎ፣ ምክንያቱን ተናግሮ፣ በፍርድ ቤት የሚጠየቅበት መንገድ ተበጅቶ ይዝጋ። እስከዚያው ድረስ ጥሬ ብር የያዘን ሰው ከነዳጅ ማደያ መመለስ ይቁም፤ ብሩን ያተመው ራሱ ብሔራዊ ባንክ ነውና!

ኪሳችንን በአዋጅ ወደ ስልክ ያዛወረ መንግሥት፣ መብታችንንም በአዋጅ አብሮ ማዛወር አለበት። አደራ የተቀበለ አደራውን ይመልስ። የማይመልስ ከሆነ ግን እኛም እንጠይቃለን፦ የተማሪው ፎቶግራፍ ባንክ በር ላይ ከተለጠፈ፣ የኮልፌዋ ነጋዴ ብር የጠፋ ቀን የማን ፎቶግራፍ ይለጠፍ?