ጤናችን፦ ድድ ሲደማ

ብዙ ሰው ሲፍቅ ድዱ ከደማ «መፋቂያው ጎዳኝ» ብሎ ይተወዋል። እዚህ በባሕር ዳር ዙሪያ ደጋግመን ሰምተነዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ድድ አብዛኛውን ጊዜ የሚደማው በጥርስና በድድ መሐል ቆሻሻ ስለተጋገረ ነው። ካልጸዳ ድዱ ያብጣል፤ ይሸሻል። ያልተቦረቦረ ጥርስ እንኳ ይነቃነቅና ይወልቃል።

ውሃ በግፊት እየረጨ የጥርስን መሐል የሚያጥብ መሣሪያ በውጭ አገር ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሸጣል። ጥሩ ነው፤ ግን ውድ ነው፤ መፋቅንም አያስቀርም። ለእኛ ወይራውና ክትክታው አለን።

ጫፉን አኝካችሁ እንደ ብሩሽ አለስልሱት። ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ፋቁ። የውስጡንም ፋቁ እንጂ! የሚታየውን ብቻ ማንጣት ምን ይረባል? በመርፌ መጎርጎር ግን ይቅር፤ ድድ ይወጋል።

ከዚያ ጉንጫችሁን እየነፋችሁ በኃይል ተጉመጥመጡ፤ ውሃው በጥርሶቹ መሐል ይለፍ። ውሃው ከጣና የተቀዳ ከሆነ አስቀድማችሁ አፍሉትና ይቀዝቅዝ። ድዱ ካበጠ ለብ ባለው ውሃ ትንሽ ጨው ጣል አድርጉበት።

ነፍሰ ጡር ሴት ድዷ ቶሎ ይደማል፤ እሷም መፋቋን አትተው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተፍቆ ደሙ ካላቆመ፣ ወይም ጥርስ ከተነቃነቀ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ።