ነፍሱን ያተረፉለት ልጅ ስሙን አይነጠቅ

«ወላጅስ ያሳደገ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ አነጋገር ያሳደገውን ለማክበር የተነገረ እንጂ የወለደችውን ለማስረሳት የተነገረ አይደለም። ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ስለዚሁ ልዩነት ነው። ከጦርነት እሳት ወጥተው በሌላ አገርና በሌላ ቤተሰብ ውስጥ ያደጉትን የቬትናም ሕፃናት ታሪክ ስንመረምር፣ ዓለም ለስደተኛ ልጅ የሰጠውን ሲቆጥር ከልጁ የወሰደውን መቁጠር እንደሚረሳ ተረድተናልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1967 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975) የሰሜን ቬትናም ጦር ወደ ሳይጎን ሲገሠግሥ፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ በሕፃናት ማሳደጊያ ያሉ ልጆች በአይሮፕላን ተጭነው እንዲወጡ መጋቢት 25 ቀን አስታወቁ፤ ለዚሁም 2 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። የሥራው ስም «ኦፕሬሽን ቤቢሊፍት» ተባለ። በማግሥቱ ከሳይጎን የተነሣው ግዙፍ የጦር አይሮፕላን የኋላ በሩ በአየር ላይ ተገንጥሎ ወደቀና ከ130 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹም ሕፃናትና እነሱን ሊንከባከቡ የተሳፈሩ ሴቶች ነበሩ። ማመላለሱ ግን አልቆመም። ሳይጎን ሚያዝያ 22 ቀን ከመያዟ በፊት ከ2 ሺሕ 5 መቶ የማያንሱ ልጆች ከአገራቸው ወጡ፤ አብዛኞቹ አሜሪካ ገቡ፤ ሌሎችም ወደ ካናዳ፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ አውሮፓ ተወሰዱ።

እነዚህ ልጆች ሁሉ ወላጅ የሞተባቸው ነበሩን? አልነበሩም። ባሏ የዘመተባት ወይም የሞተባት ድኻ እናት ልጇን ለመነኮሳቱ የምትሰጠው ብዙ ጊዜ «ክፉው ቀን እስኪያልፍ» ብላ ነው። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ያገራችንም እናት ልጇን ከተማ ላለ ዘመድ የምትሰጠው በዚሁ ሐሳብ ነው። ልጆቹ ሳን ፍራንሲስኮ በደረሱ ጊዜ ቬትናምኛ የምታውቅ አንዲት ነርስ አነጋገረቻቸው፤ አንዳንዶቹም ወላጅ አልባ አለመሆናቸውን ነገሯት። ወዲያው በዚያው ከተማ በፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ ቀረበ። ፍርድ ቤቱ ግን የሁሉንም ጉዳይ ባንድ መዝገብ ለማየት አልፈቀደም። ጥቂቶቹ ከረጅም ክርክር በኋላ ከወላጆቻቸው ጋራ ተገናኙ፤ የቀሩት እንደ ቀሩ ቀሩ።

አንባቢያችን እስቲ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ያስብ። የገባበት ቤት ሙቀት አለው፤ ምግቡ ይተርፋል፤ አሳዳጊ እናቱም ከልቧ ትወደዋለች። ነገር ግን ሌሊት ባንኖ ሲጮኽ በሚጮኽበት ቋንቋ የሚመልስለት የለም። ውሎ ሲያድር አዲሱን ቋንቋ ይለምዳል፤ ጥቂት ሲቆይ የእናቱን ይረሳል። ስሙ ተለውጧል። የልደቱ ቀን በግምት የተጻፈ ነው። ያ ጦርነት ከ58 ሺሕ የሚበልጡ አሜሪካውያን ያለቁበት ነውና፣ ጎረቤቱ መልኩን ባየ ቁጥር ጠላቱን ያስታውሳል። ልጁ ቢያዝን «ምን ጎደለህ?» ይባላል፤ ስለ እናቱ ቢጠይቅ ውለታ እንደ ረሳ ይቆጠርበታል። ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ምሥጋና በፈቃድ ሲሰጥ ያምራል፤ በየቀኑ ሲጠየቅ ግን ግብር ይሆናል።

በ1994 ዓ.ም. የወጣው «ከዳናንግ የመጣች ልጅ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ይህን በግልጽ ያሳያል። አባቷ አሜሪካዊ ወታደር የነበረ አንዲት ልጅ፣ ክፉ ይደርስባታል ብላ በፈራች እናቷ እጅ በሰባት ዓመቷ ለጉዞ ተሰጠች፤ በቴነሲ ግዛት ባለች ትንሽ ከተማም ቬትናማዊነቷ ተደብቆ አደገች። ከ22 ዓመት በኋላ እናትና ልጅ ተገናኙ። መጀመሪያ ዕንባና መተቃቀፍ ነበር። ቀናት ሲያልፉ ግን ወንድሞቿ «እንግዲህ እናታችንን ትጦሪያለሽ» አሏት። እሷ ፍቅር ስትጠብቅ ገንዘብ የተጠየቀች መሰላትና ደነገጠች፤ እነሱም አንዲት ልጅ እናቷን መጦር እንዴት እንደሚያስደነግጣት ሊገባቸው አልቻለም። አልቅሳ ተመለሰች።

እዚህ ላይ ክፉ ሰው ማነው? ማንም የለም። የተጋጩት ሁለት ሕጎች ናቸው። በአሜሪካ ሕግ ልጅ በጉዲፈቻ ሲሰጥ የቀድሞው ዝምድና በሕግ ዐይን ይጠፋል፤ የልደት ምስክር ወረቀቱም የአሳዳጊዎቹን ስም ይዞ እንደ አዲስ ይጻፋል። የኛ የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ግን የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋራ ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ይደነግጋል፤ ሁለቱ ቤተሰቦች በተጋጩ ጊዜ ብቻ አሳዳጊው ይቀደማል። የቬትናሟም እናት በልቧ ያሰበችው እንዲህ ያለውን ነበር። እሷ ልጇን አበደርሁ ስትል፣ ሕጉ ሸጠሽ ለወጥሽ ብሎ መዝገቡን ዘጋው።

ሕጉ የዘጋውን ያህል እንኳ በሚገባ አልከፈተላቸውም። የአሜሪካ ምክር ቤት በውጭ አገር ተወልደው በአሜሪካውያን በጉዲፈቻ ያደጉ ልጆች ያለ ተጨማሪ ማመልከቻ ዜግነት እንዲያገኙ የሚፈቅደውን ሕግ ያወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ነው። ሕጉ በሥራ ላይ በዋለበት ቀን 18 ዓመት የሞላቸውን ግን አልጨመረም። የ1967ቱ ሕፃናት በዚያን ቀን 25 ዓመት አልፏቸው ነበር። ስለዚህ አሳዳጊው ማመልከቻ ማስገባት የረሳበት ልጅ፣ የእናቱን አገር አጥቶ ያሳዳጊውንም አገር ሳያገኝ ሊቀር ይችል ነበር።

አንዳንድ ሰዎች «ታዲያ በጦርነቱ መካከል ይለቁ ነበርን?» ብለው ይጠይቁን ይሆናል። አላልንም። በዚያ አይሮፕላን ውስጥ ሕፃን እንዳቀፉ የሞቱትን እናከብራለን፤ የማያውቁትን ልጅ እንደ ራሳቸው አድርገው ያሳደጉትንም እናመሰግናለን። የምንለው ይህ ነው፦ ልጅን ከእሳት ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ከእናቱ፣ ከስሙና ከቋንቋው መነጠል ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው የሁለተኛው ዋጋ ሊሆን አይገባም።

የስደት ልጅ ዘሩን ሳይክድ ሊያድግ እንደሚችል ያገራችን ታሪክ ምስክር ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው፣ ከዕልቂት የተረፉ አርባ የአርመን ልጆች ዛሬም ድረስ «አርባ ልጆች» እየተባሉ ይታወሳሉ። በርግጥ የመጡት ለሙዚቃ ጓድ እንጂ ለቤተሰብ ልጅነት አልነበረም፤ ይሁን እንጂ አዲስ አበባ የተቀበለቻቸው አርመንነታቸውን ይዘው ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ እኛ ራሳችን ልጅ ላኪዎች ሆነን ኖረናል። ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺሕ የማያንሱ የኢትዮጵያ ልጆች በጉዲፈቻ ሄደዋል። ከነሱም መካከል አንዷ በ2003 ዓ.ም. በዋሽንግተን ግዛት በአሳዳጊዎቿ እጅ ሞታ ሁለቱም በፍርድ ተቀጥተዋል። በ2010 ዓ.ም. ምክር ቤታችን ለውጭ አገር ሰው ልጅ በጉዲፈቻ መስጠትን ከለከለ። መልካም ነው፤ ነገር ግን በሩን መዝጋት የሄዱትን አይመልስም። እነዚያ ልጆች አሁን አድገዋል፤ ዕድሜያቸው የኛው ዕድሜ ነው። በእጃቸው አንዲት የቀበሌ ወረቀት ይዘው፣ ያልተማሩትን ቋንቋ የሚያነብላቸው ፍለጋ ይመጣሉ፤ ገና የሚመጡም ብዙ ናቸው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የፍርድ ቤትና የሕፃናት ማሳደጊያ መዝገቦች በምድር ቤት እንዳይበሰብሱ፣ ባለቤቶቻቸውም ሲጠይቁ እንዲያገኟቸው መንግሥት ይዘዝ። የቬትናም ልጆች ወረቀታቸው ስለ ጠፋ እስከ ዛሬ ዘመዳቸውን በዲ ኤን ኤ ምርመራ ይፈልጋሉ፤ የኛዎቹ ከዚህ ይዳኑ። እኛም የሕግ ተማሪዎች መዝገብ በመፈለግ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ወላይትኛ የምንናገር ሁሉ ከወላጆቻቸው ጋራ ሲገናኙ በማስተርጐም ብንረዳቸው የምናጣው አንድ የዕረፍት ቀን ነው። ሲገናኙም ቃል ብቻ አንተርጉም። ለእናቲቱ ልጇ ለምን እንደ ደነገጠ፣ ለልጁም እናቱ «ጡረኝ» ስትል ልጄ ነህ ማለቷ እንደ ሆነ እናስረዳ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ከአፋችን ይውጣ። ማን እንደ ወለደው የሚጠይቀውን ልጅ ውለታ ቢስ አንበለው።