‹‹ስንቅ›› ያረጀ ቃል ነው እንዴ?

ባለፈው ሰሞን ለክፍል ሥራ ባዘጋጀሁት ጽሑፍ ውስጥ ‹‹እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአጎቴ ስንቅ ትልክ ነበር›› የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረኝ። ረቂቁን ያየልኝ ጓደኛዬ ‹‹ስንቅ››ን ሰርዞ ‹‹ምግብ›› አደረገው። ‹‹ይሄ እኮ የዘማች ቃል ነው፤ አሁን ማን ይለዋል?›› አለኝ።

እውነት ለመናገር ያለ ምክንያት አልተናገረም። ስንቅ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን የዐድዋ ዘመቻ ነው። በ1888 ዓ.ም. ወደ ሰሜን የተመመው ሠራዊት በሶውን፣ ቆሎውንና ድርቆሹን ከየቤቱ ይዞ፣ በአህያና በበቅሎ ጭኖ ነው የወጣው። የቆላችው፣ የፈጨችው እናት ወይም ሚስት ነበረች፤ ብዙዎቹም አብረው ዘምተዋል። እንዲያም ሆኖ የካቲት 23 ቀን ጦርነቱ ሲገጠም በሁለቱም ወገን ስንቅ ወደ ማለቁ ነበር። እንግዲህ ስንቅ የመንገደኛ ምግብ ብቻ ከሆነ፣ አውቶቡስና ሆቴል በበዛበት ዘመን ቢረሳ አይገርምም።

እኔ ግን ያደግሁት አቃቂ ቃሊቲ ነው። በሰፈራችን ወደ ፋብሪካ የሚሄደው ሠራተኛ በየማለዳው ምግቡን ቋጥሮ ይወጣል። እሱን ‹‹ምሳ›› ሲሉት እንጂ ‹‹ስንቅ›› ሲሉት አልሰማሁም። ስንቅ የሚባለው ወደ እስር ቤት የሚሄደው ነው፤ ‹‹ስንቅ ላቀብል›› ይላል ሰው። ልብ በሉ፣ መንገዱን የሚሄደው አቀባዩ ነው። በላተኛው የትም አይሄድም!

ታዲያ ‹‹የመንገደኛ ምግብ›› የሚለው ፍቺ እኛ ሰፈር አይሠራም። የቃሉን ዘመዶች እንያቸው። ቀለብ ግዴታ አለበት፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ቀለብ ስለ መስጠት ግዴታ ይደነግጋል። ድርጎ ድሮ ንጉሥ ለእንግዳው የሚያዝለት፣ ባላገሩ ግን የሚያዋጣው ነበር። አስቤዛ ደግሞ ገንዘብ ላለው ሁሉ ገበያ ላይ ይገኛል (ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፣ ከርቸሌም እንደዚያው)። በእኔ አስተያየት ስንቅ ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው፣ ቤት የቀረ ሰው ከቤት ለተለየ ሰው ብሎ የሚያዘጋጀው በመሆኑ ነው። ‹‹ምግብ›› ስንል ይሄ ሁሉ ይቀራል።

አንድ ቅዳሜ ዝናቡ አላስወጣ ብሎ፣ ታክሲም ጠፍቶ ነበር። ‹‹እማዬ፣ እዚያም እኮ ይበላሉ። ዛሬ ብቀርስ?›› አልኳት። ሰሃኑን በፎጣ እየቋጠረች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ ‹‹ቀለብማ አለው። ስንቅ የሚያደርስለት ግን ማን አለው?›› አለችኝ።

ሄድኩ። በር ላይ እንደ ደንቡ ከእንጀራው ቆርሼ ቀመስኩ። አጎቴ ምን ወጥ እንደመጣለት አልጠየቀኝም። ‹‹ራሷ ናት የሠራችው?›› ነው ያለኝ።

ረቂቁን አስተካክዬ አስገብቻለሁ። ‹‹ስንቅ›› የሚለውን ወደ ቦታው መልሼዋለሁ፤ ጓደኛዬ አሁንም አልተስማማም።