መሪው የት ይታሰር?

የእህቴ ልጅ ለሚ ላይ አውሮፕላን ያበርራል። አውሮፕላኑ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ያገለገለ መሪና ሁለት ፔዳል ነው። እህቴ «ጨዋታ ነው፣ አንተ ደግሞ አታሟሙቅለት» ትለኛለች። ገንዘቡ ለትምህርት ቢውል ይሻላል ባይ ናት፤ በዚህ ኑሮ ተሳስታለች ልላት አልችልም። ግን ስለዚህ ነገር ሳስብ ሰንብቻለሁ፣ እናንተም ስሙኝ።

መጀመሪያ መሪውን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ነበር ያሰረው። ለመነሳት ወደ ራሱ ሲስበው ጠረጴዛው አብሮ ተነሳ። ፔዳሉን ሲረግጥ ፔዳሉ በሲሚንቶው ወለል ላይ ተንሸራቶ ሄደ፤ ወንበሩ ባለጎማ ስለነበር እሱን ወደ ኋላ ወሰደው። ቤተሰቡ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ።

ልጁ ግን አልሳቀም። በያጅ ጋ ሄዶ በቱቦላሬ አንድ ወጥ ፍሬም አሠራ። (የሲሚንቶ ፋብሪካው መስከረም 2017 ከተመረቀ ወዲህ ለሚ ስሟ የሚነሳው በሲሚንቶ ነው፤ በያጆቿንም አስታውሱልኝ።) ወንበሩ፣ መሪውና ፔዳሉ እዚያው አንድ ብረት ላይ በብሎን ታሰሩ። ምክንያቱን ሲያስረዳኝ አፈርኩ። እግር ፔዳሉን ሲገፋ ጀርባ ወንበሩን ይገፋል፤ ሁለቱ ካልተያያዙ ይራራቃሉ፣ ከተያያዙ ግን ግፊቱ እዚያው ፍሬሙ ውስጥ ያልቃል። ፔዳሉ የሚታሰርበት ላይ በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ ቀዳዳ በስቷል፣ ታናሽ ወንድሙም እግሩ እንዲደርስለት። መሪው እስከ መጨረሻው ሲሳብ ጉልበቱን እንዳይነካው ደግሞ ከፍታውን ሦስት ጊዜ ቀይሯል። ይሄ ጨዋታ ከሆነ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜያችንም ጨዋታ ይሁንልን።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነስቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲወድቅ 157 ሰው አጥተናል። ኤምካስ የሚባለው ሲስተም በተሳሳተ የሴንሰር መረጃ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ሲጫነው ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳት አብራሪው አህመድኑር መሐመድ ኤሌክትሪኩን አቋርጠው በእጅ የሚዞረውን የትሪም ጎማ ሞከሩ። የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርቱ እንደሚለው ረዳት አብራሪው አልሠራም ብሎ መለሰ። በዚያ ፍጥነት አየሩ የጅራቱን ክንፍ ስለሚጫነው ጎማው በሰው ክንድ የሚዞር አይሆንም። በግንቦት ወር ቦይንግ የማክስ ሲሙሌተሮች ሶፍትዌር አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን ማሳየት እንደማይችል አምኖ ማስተካከሉን ተናገረ። በወቅቱ እንደተዘገበው አንዱ ጉድለት የዚያ ጎማ ክብደት ነበር። አስቡት፤ በሚሊዮን ዶላር የሚገዛ ሲሙሌተር እጅ ላይ የሚሰማውን ክብደት አላስተማረም።

ስለዚህ አንድ የለሚ ልጅ መሪው የት ይታሰር፣ ምን ያህል ይክበድ ብሎ ሲጨነቅ ጥያቄው የቀልድ አይደለም።

የሲሙሌተር ታሪክ ራሱ ከአናጢ ቤት ብዙ አይርቅም። ኤድዊን ሊንክ እ.ኤ.አ. በ1929 የመጀመሪያውን ማሠልጠኛ የሠራው አባቱ ኦርጋን በሚሠሩበት ፋብሪካ፣ የኦርጋን ወናፍ ተጠቅሞ ነው። የአሜሪካ ጦር ትኩረት የሰጠው ግን በ1934 ፖስታ የሚያመላልሱ አብራሪዎቹ በመጥፎ አየር ሲያልቁበት ነው።

እኛም ከዚህ ሩቅ አይደለንም። ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር የሠራት «ፀሐይ» በ1928 ዓ.ም. በረረች፤ ጣሊያን የመለሰችልን በጥር 2016 ነው። ስትመጣ አጨበጨብን። በ2007 አስመላሽ ዘፈሩ በሱዙኪ ሞተር የራሱን አውሮፕላን ሲሠራ ግን ምን አደረግን? 570 ቀን ደክሞበት በሙከራው ቀን ፕሮፔለሩ ላይ በደረሰ ብልሽት ሳይነሳ ሲቀር ብዙው ሰው ወሬውን ሰምቶ አለፈ። ድፍረቱን አደንቃለሁ፤ ግን እውነቱን ለመናገር ያ ሰው ቢነሳ ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር ብዬ ዛሬም እፈራለታለሁ። መሬት ላይ መሳሳት ርካሽ ነው። ለሚ ያለው ልጅ ስንቴ እንደተከሰከሰ ራሱም አያውቀውም።

አንድ ነገር አልሸሽግም። ቤት የተሠራ ሲሙሌተር ፈቃድ አያሰጥም፣ ሰዓቱም አይቆጠርም። ማንም በዚህ አብራሪ እሆናለሁ ብሎ እንዳይታለል። እኔ የምለው ሌላ ነው። የደብረ ብርሃን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ብረትና እንጨት የሚያሠለጥን ከሆነ፣ ተማሪው ለመመረቂያ ለምን ሁልጊዜ በርና መስኮት ይበይዳል? አንድ ኮክፒት ይሥራ። አየር መንገዱ ደግሞ ከጥቅም ውጪ የሆነ መቀመጫና ፔዳል አንድ ሁለቱን ለኮሌጆች ቢሰጥ፣ ሌላው ቢቀር ትክክለኛውን ልኬት ቢያካፍል፣ ምን ይጎድልበታል? የሰሜን ሸዋ ልጅ አብራሪ ባይሆን ጥገና ሊገባ ይችላል፤ ከዚያ በፊት ግን ብሎን ሲላላ ምን እንደሚከተል በእጁ ይወቀው።

ባለፈው ስደውል ልጁ «ጋሼ፣ የቀረኝ የትሪም ጎማው ነው» አለኝ። ከብስክሌት ጎማ ሊሠራው፣ እንዲከብድ ደግሞ ፍሬኑን ሊያስርበት አስቧል። እህቴ ብስክሌቱን ጎረቤት አስቀምጣዋለች።